ሽማግሌ የማይገባበት አሳይመንት

በትንሽ ከተማ የእንግሊዝኛ መምህር መሆን ማለት በላቲን ፊደል ለተጻፈ ነገር ሁሉ ተጠያቂ መሆን ማለት ነው። ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚወጣው ቀጭን ወረቀት ወደ እኔ ይመጣል። አልሠራ ያለ ቴሌቪዥን ስክሪኑ ላይ የጻፈውን፣ ሰዎች በስልካቸው ፎቶ አንስተው ያሳዩኛል። ከዓረብ አገር የተላከ የሥራ ውል፣ የሻምፑ ጠርሙስ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ሁሉም ተራ ይዞ እኔ ዘንድ ይቀርባል። አንዲት እናት ለልጇ ከዱባይ የተላከለትን ቲሸርት ይዛ መጥታ፣ እሑድ ለብሶት ቤተ ክርስቲያን ቢሄድ ችግር ይኖረው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አነበብኩት። ጋቢ ቢደርብበት ይሻላል አልኳት። ከዚያ በላይ ማብራራቱ ለእሷም ለእኔም የሚበጅ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ግን እረፍት ነው። የሚያደክመው አሳይመንት ነው። እዚህ መካነ ሰላም ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አሳይመንት የምሰጠው እኔ ነኝ። አመሻሹ ላይ ደግሞ ያንኑ አሳይመንት ይዘው፣ "ለልጄ ትንሽ ብቻ ይርዱልኝ" የሚሉ ወላጆች የሚመጡት ወደ እኔው ነው። ለአንድ አባት ይህ ነገር ትክክል እንዳልሆነ ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር። በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ ጥያቄውን ያወጣው ሰው እያለ መልሱን ሌላ ቦታ መፈለግ ምን ይባላል ብለው ጠየቁኝ። 

እኔ የወረኢሉ ልጅ ነኝ። እዚህ የመጣሁት ለአንድ ዓመት ብቻ ተብዬ ነው። ያ አንድ ዓመት እስካሁን አላለቀም። በዚህ መሀል ጠመኔው ሳንባዬ ውስጥ ገብቷል፣ ብርዱ ጉልበቴን ይዞታል፣ የማርመው ወረቀት ደግሞ ከአልጋዬ ሥር ተርፎ መስኮቱ ላይ ወጥቷል። ደክሞኛል ስል የወግ ማሳመሪያ እንዳይመስላችሁ። እውነት ደክሞኛል።

እንግዲህ መጽሐፋችን ስለ አጭር ልቦለድ የሚያወራ አንድ ምዕራፍ አለው። እኔም ነፍሴ ትንሽ ተነቃቅታ፣ ልቦለድ ያለ ግጭት አይቆምም፣ ሁለት ሰዎች ይጣሉ፣ ጠቡ ይክረር፣ አንባቢው ይጨነቅ ብዬ አስተማርኩ። ከዚያ ግጭት ያለበት አጭር ልቦለድ ጽፋችሁ አምጡ አልኳቸው። አመጡ።

የመጀመሪያው ወረቀት ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ተጣሉ ይላል። ደስ አለኝ። በመሬት የተጣላ ሰው ቶሎ አይበርድም፣ ሦስት ገጽ ያስኬዳል ብዬ ሻዬን ቀዳሁ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ "ዴን ዘ ኤልደርስ ኬም" ይላል። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ድንበሩን አዩ፣ አስታረቁ፣ መረቁ፣ አለቀ። ሻዬ ገና ትኩስ ነበር።

ሁለተኛው ላይ ሚስት ባሏን ጥላ ወደ ወላጆቿ ቤት ገባች። ሽማግሌዎች መጡ። ሦስተኛው ላይ ሁለት የእግር ኳስ ቡድኖች በፍጹም ቅጣት ምት ተጣሉ። ሽማግሌዎች መጡና ጨዋታው በአቻ ውጤት ተጠናቀቀ። አንዱ ጎበዝ ደግሞ ግጭት ከተፈጥሮም ጋር ሊሆን ይችላል ማለቴን ይዞ፣ አንድን ገበሬ ከወንዝ ሙላት ጋር አጣላው። እዚህ እንኳ ማን ሊገባ ይችላል አልኩ። ሽማግሌዎች ወንዙ ዳር ተሰብስበው ዱአ አደረጉ፣ መሪጌቶችም ጸለዩ፣ ወንዙም ጎደለ። ወንዙ ካሳ ይከፍል እንደሆነ ብቻ አልተጻፈም።

ግን ልጆቹ ላይ ምን ይፈረዳል? እዚህ አገር እኮ ጠብ አያድርም። የአንዱ ጥጃ የሌላው ማሳ ውስጥ በጠዋት ከገባ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል። ክርስቲያኖቹ ሲጣሉ ሼሁ ይገባሉ፣ ሙስሊሞቹ ሲጣሉ ቄሱ ይገባሉ፣ አያዳሉም ተብሎ ነው። ሰው በደንብ ለመቆጣት እንኳ ጊዜ አያገኝም። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ልጅ ሦስት ገጽ የሚያስኬድ ጠብ ከየት ያምጣ?

እኔ ግን ሲደክመኝ ክፉ ነኝ። በማግስቱ ክፍል ገብቼ፣ ማንም አልገባኝም እንዳይል በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል ሰሌዳው ላይ "ሽማግሌ አይግባ" ብዬ ጻፍኩ። በዚያም አላበቃሁም። ጸሐፊ ገጸ ባሕርዩን ከችግር ለማውጣት አይቸኩልም፣ ታሪኩ ወደሚሄድበት ተከትሎት ይሄዳል፣ ልቡ ቢሰበርም ይሄዳል አልኩ። ይህን ስናገር የገዛ ድምፄ ራሴንም ደስ አሰኝቶኝ ነበር። በዚህ ሳምንት የታሪኩን መጀመሪያ፣ በሚቀጥለው መጨረሻውን አምጡ ብዬም ወጣሁ።

አዲሶቹ ወረቀቶች ላይ ሽማግሌ የሚል ቃል የለም። አንዱ ጋ አጎት መጣ። ሌላው ጋ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሰዎች በአጋጣሚ በዚያ ሲያልፉ ጠቡን ሰሙ። አንዷ ደግሞ፣ ሽማግሌ በመምህሩ ስለተከለከለ ባልና ሚስቱ ሳይታረቁ ቀሩ ብላ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ጥፋቱን ሁሉ እኔ ላይ ጥላ ጨርሳለች።

ሐያት የሰጠችኝ ወረቀት ግን ሌላ ነበር። ሐያት መስኮት ሥር የምትቀመጥ፣ ካልጠየቋት የማትናገር ልጅ ናት። በታሪኳ አንዲት ልጅና አባቷ በአንድ ቤት ይኖራሉ። እናትየው ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፣ ደክሟታል፣ በስልክ ስታወራ ድምፅዋ እየቀነሰ ሄዷል። አባትየው ልጅቷ በእናቷ ቦታ ሄዳ እናትየው ትመለስ አለ። ልጅቷ ትምህርቴን ሳልጨርስ አልሄድም አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ አይነጋገሩም። የሚነጋገሩት በድመቷ በኩል ነው። "ለዚያች ልጅ ንገሪያት፣ በሩን ትዝጋው" ይላል አባት። "ለአባቴ ንገሪልኝ፣ ዘግቼዋለሁ" ትላለች ልጅ። ሁለቱም ድመቷን ለመጥራት ቁራሽ ስለሚወረውሩላት፣ በዚያ ቤት የምትወፍረው እሷ ብቻ ናት። በመጨረሻ ፓስፖርቱ ወጥቶ ይመጣል፣ አባትየው ሬዲዮው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ማንም አይነካውም። እዚያ ላይ ቆመ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንዴት ያለ ፈጠራ ነው እያልኩ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ተንጎራደድኩ። ዳር ላይም በቀይ እስክሪብቶ፣ እጅግ ጥሩ፣ ድመቷ ብቻ ትንሽ ተጋናለች ብዬ ጻፍኩ። የድርሰት ሊቅ እንዲህ ነው።

በዚሁ መሀል የገበያ ቀን ሆነና፣ አከራዬ እማማ ፋጤ ከገበያ ተመልሰው ሰላምታዬን በግማሽ መለሱልኝ። ምን አጠፋሁ ስል፣ "አንተ ልጅ፣ ሽማግሌ አይግባ ብለሃል አሉ" አሉኝ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ገበያውን ዞሮ ሲጨርስ ከራሴ ቃል ምንም አልቀረውም ነበር። እህል ተራ ላይ የመንግሥት መመሪያ ነው ተብሏል። ከብት ተራ ላይ አዲስ ሃይማኖት ነው ተብሏል። ከአቀስታ የመጡ ነጋዴዎች ደግሞ በእኛ ወረዳም ይጀመራል ወይ ብለው ጠይቀዋል። እማማ ፋጤ በበኩላቸው ከባለቤታቸው ጋር የታረቁበትን ጊዜ ሁሉ አስታውሰው፣ ሽማግሌ ባይገባ ዛሬ አንተም አከራይ አልነበረህም አሉኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች ደጄ ላይ ቆሙ። ሼህ አህመዲንና መሪጌታ ላቀው ናቸው። የዚህን ከተማ ግማሹን ጠብ ያበረዱት እነዚህ ሁለት አዛውንት ናቸው። አንዱ ያለ ሌላው ሽምግልና አይቀመጡም። አስገባኋቸው፣ ሻይ አፈላሁ፣ የመጡበትን ጠየቅሁ። ሊያስታርቁኝ እንደመጡ ነገሩኝ። ከማን ጋር ተጣልቼ ነው አልኩ። "ከእኛ ጋር" አሉ መሪጌታ።

በዳይ እኔ፣ ተበዳይ እነሱ፣ አስታራቂም እነሱ። ለክርክር የሚመች አቀማመጥ አልነበረም። ቢሆንም አስረዳሁ። ነገሩ ስለ ልቦለድ መሆኑን፣ በልቦለድ ውስጥ ሰዎች ቶሎ ከታረቁ አንባቢ እንደሚሰለች ተናገርኩ። ሼሁ ጢማቸውን እየዳሰሱ ሰሙኝና፣ ሰዎቹ ተጣልተው የሚቆዩት ታዲያ ለማን ብለው ነው አሉ። ለአንባቢው አልኳቸው። አንባቢው ምን አድርገውት ነው ሰው ሲጣላ ቁጭ ብሎ የሚያየው፣ ተነስቶ አይገላግልም ወይ አሉ። የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ስማር ይህን ጥያቄ ያነሳ መምህር አልነበረኝም።

ቃል ሲያልቅብኝ ምሳሌ ይዤ ቀረብኩ። የልጅቷን ስም ሳልጠራ የሐያትን ወረቀት አውጥቼ ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። በደንብ ነው ያነበብኩት። አባትየውን በወፍራም፣ ልጅቷን በቀጭን ድምፅ አድርጌ፣ ድመቷ ጋ ስደርስ ይስቃሉ ብዬ ትንሽ ቆም አልኩ። አልሳቁም። ሼህ አህመዲን የሻይ ብርጭቋቸውን መሬት አስቀመጡ። ሁለቱ ተያዩ።

"ይቺ የሰይድ ድመት ናት" አሉ መሪጌታ።

ሰይድን እኔም አውቀዋለሁ። የሐያት አባት ነው። ጅዳ ብዙ ዓመት ተሳቢ ይነዳ የነበረ፣ ከተመለሰ ወዲህ ግን ቤት የዋለ ሰው ነው። ዘመዱ ባጃጅ ገዝቶ ንዳልኝ ቢለው፣ ያንን ሁሉ ጎማ ያሽከረከርኩ ሰውዬ ሦስት እግር ላይ ቁጭ ብዬ ልታይ ወይ ብሎ እንደመለሰው ከተማው ሁሉ ያወራል። ሽማግሌዎቹም ቤቱ ዝም ማለቱን አይተዋል፣ ድመቷም መወፈሯን አይተዋል፣ ምክንያቱን ግን ማንም አልነገራቸውም ነበር። አሁን እኔ በሁለት ድምፅ አንብቤ ነገርኳቸው።

ዱላቸውን አነሱ። ኧረ ድርሰት ነው፣ የልጅ ፈጠራ ነው እያልኩ እስከ በሩ ተከተልኳቸው። መሪጌታ ዞረው፣ ልጅቷ የምትሄደው ታዲያ በድርሰት ነው ወይስ በአውሮፕላን አሉኝ። ጉዳዩን ያመጣህ አንተ ነህና ቅደም አሉኝ። ሽማግሌ አይግባ ያልኩ ሰውዬ ከሁለት ሽማግሌዎች ፊት ፊት እየመራሁ በመካነ ሰላም ዋና መንገድ ሄድኩ። የተመለከተን ሰው ሁሉ ቆሞ አሳለፈን።

ሰይድ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቤት መዋል ያልለመደ ሰው ነው። አሰላሙ አለይኩም ተባብለን ተቀመጥን፣ ሼሁ ነገሩን በልዝቡ አወጡት። የሰውየው ፊት ደም መሰለ። የቤቱ ገመና በትምህርት ቤት ወረቀት መውጣቱ እንዴት እንዳቃጠለው አየሁ፣ መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። ሐያት ጓዳ በር ላይ ቆማለች። ሰይድ ወደ እሷ ሳያይ በምን ቋንቋ ነው የጻፈችው ብሎ ጠየቀኝ። በእንግሊዝኛ አልኩት። ሌላ ሰው ረድቷት ነው አለ። ማንም አልረዳትም፣ ብቻዋን ነው የጻፈችው አልኩት። ድመቷን ጭኑ ላይ አወጣና ጀርባዋን እያሻሸ ቆየ።

"ለዚያች ልጅ ንገሪያት" አለ፣ "የጀመረችውን ትጨርሰው። መጨረሻው ላይ ከጻፈችው አልወጣም።"

ሽማግሌዎቹ ይህን እንደ ቃል ኪዳን ያዙት። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እዚሁ እንገናኝ፣ ልጅቷ የጻፈችውን መምህሩ በአማርኛ ያንብብልን፣ ሰይድም በተጻፈው ይገዛ ተባለ። እኔ ስወጣ ትንፋሼ ተመለሰልኝ። የልጅቷ ዕጣ በራሷ እጅ ገባ ማለት ነው። አልሄድም የምትል ልጅ ምን ብላ ልትጨርስ ትችላለች? አልሄደችም ብላ ነዋ።

ሐሙስ ሐያት መምህራን ማረፊያ ድረስ መጣች። ታሪኳን ለሰው በማንበቤ ይቅርታ ጠየቅኋት። ባያነቡትም ድመቷ አትደበቅም ነበር ቲቸር አለች። ከዚያ መጨረሻውን ሰጠችኝ፣ እዚያው ቆሜ አነበብኩት።

ልጅቷ ሄደች። በአውሮፕላን ማረፊያው ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ፣ በመስታወቱ ማዶ ሌላ ሰልፍ ሲወጣ ታያለች። እናቷ በዚያኛው ሰልፍ ውስጥ አለች። ተያዩ። አንዷ እየገባች፣ አንዷ እየወጣች፣ መስታወቱን በእጃቸው ነክተው ተላለፉ። ቤት ውስጥ አባትየው ድመቷን ጠርቶ፣ ለዚያች ልጅ ንገሪያት ብሎ ጀመረና የሚለው ጠፋው።

ከተማሪ እጅ እንዲህ ያለ ነገር ተቀብዬ አላውቅም። ከዚያ ይህንኑ ዓርብ ለአባቷ የማነበው እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ።

"መሄድ ትፈልጊያለሽ?" አልኳት።

"አልፈልግም።"

"ታዲያ ለምን እንዲህ ጻፍሽ?"

"ታሪኩ ወደዚያ ነው የሚሄደው ቲቸር።"

አባቴ አልተለወጠ፣ እናቴ እንደደከመች ነው፣ ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ሰው የለ፣ ቀረች ብዬ ብጽፍ ማን ያምነኛል አለችኝ። ጸሐፊ ገጸ ባሕርዩን ለማዳን አይቸኩልም ያልኳትን ቃል በቃል፣ ነጠላ ሰረዝ ሳታጎድል መለሰችልኝ። ተማሪዎቼ አይሰሙኝም እያልኩ ስንት ዓመት አማርሬያለሁ። የሰማችኝ አንዲት ልጅ ተገኘች፣ እሷም በዚያው ልትጠፋ ነው።

ለመንኳት። መቼም የሰው አሳይመንት አልሠራም ብዬ የምምል ሰው፣ ይህቺን አንቀጽ ብቻ እኔ ልቀይርልሽ ብዬ ለመንኳት። ሽማግሌ አስገቢ፣ አጎት አስገቢ፣ ከፈለግሽ ሙሉ የወረዳውን ሽማግሌ አስገቢ አልኳት። ሰሌዳው ላይ የጻፉት እርስዎ ነዎት አለችኝ። ደወል ተደወለና ወደ ክፍሏ ሄደች። ወረቀቱ እጄ ላይ ቀረ።

ዓርብ ደረሰ። የሰይድ ቤት ውስጥ ሼህ አህመዲንና መሪጌታ ላቀው ግድግዳውን ይዘው፣ ሰይድ መደቡ ላይ፣ ድመቷ እግሩ ሥር፣ ሐያት ጓዳ በር ላይ። ፓስፖርቱ ሬዲዮው ላይ ተቀምጧል። ያንንም አላጋነነችም ነበር። ሼሁ ዱአ አደረጉ፣ መሪጌታም አሜን አሉ፣ ከዚያ በል አሉኝ።

መጀመሪያውን እንዳለ ተረጎምኩት። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም። ሰይድ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ልጅቷ ሰልፉ ላይ ቆመች ወደሚለው መስመር ስደርስ ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑን ፓስፖርቱ ላይ ተክሏል። እኔም ወረቀቱ ላይ አፍጥጬ፣ የተጻፈውን እያየሁ፣ ያልተጻፈውን አነበብኩ።

"ከዚያም ሽማግሌዎች መጡ" አልኩ።

ሼሁና መሪጌታ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሐያት ከበሩ ላይ ቀና አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁኝ፣ የዓመታት ድካሜ ሁሉ ምላሴ ላይ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ለአባትየው፣ አንተ የከባድ መኪና ሰው ነህ፣ መንገድ ያው መንገድ ነው፣ የጎደለው ጎማ ብቻ ነው አሉት አልኩ። አባትየው የዘመዱን ባጃጅ ተቀብሎ፣ በመጀመሪያው ቀን ልጁን ከኋላ አስቀምጦ ትምህርት ቤት አደረሳት አልኩ። የከተማው ሰው አልሳቀበትም፣ እንዲያውም ቆሞ ሰላምታ ሰጠው አልኩ። እናትየውም ከባጃጁ የሚገኘው እንደሚበቃ ስትሰማ ውሏን ጨርሳ ተመለሰች አልኩ። እሷን ለመመለስ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የፈጀብኝ። ወረቀቱን አጠፍኩ።

ሰይድ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ባጃጁ ቀለሙ ምንድን ነው ይላል ብሎ ጠየቀኝ። ሰማያዊ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ድመቷን አልፎ ወደ ጓዳው በር ዞረ።

"ሐያት" አለ። "እውነት እንዲህ ብለሽ ጻፍሽ?"

አንባቢ ሆይ፣ ዕድሜዬ የሄደው እዚያ ላይ ነው። አይደለም ብትል እኔ በሁለት ሽማግሌዎችና በአንድ አባት ፊት ውሸታም ነኝ፣ እሷም ሄዳለች። አዎ ብትል ለአባቷ የምትናገረው የመጀመሪያ ቃል ውሸት ሊሆን ነው። ሐያት አባቷን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ብዙ አየችኝ።

"መጨረሻው ላይ ቲቸር ትንሽ ረድተውኛል" አለች።

"አላህ ይስጣቸው" አለ ሰይድ፣ ድምፁም ተሰበረ። ተነስቶ ፓስፖርቱን ከሬዲዮው ላይ አነሳና ለሼህ አህመዲን ሰጣቸው፣ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ፣ ፈተናዋን ትፈተን አለ። መሪጌታ አብሽር፣ አይዞህ አሉት፣ ትከሻውን ያዙት። ሐያት ጓዳ ገባች፣ ስታለቅስም ሰማናት፣ ያልሰማን መስለን ስለ ዝናቡ አወራን።

ድርሰቷን አረምኩት። በራሷ እጅ ለጻፈችው ለዚያኛው ሙሉ ማርክ ሰጠኋት፣ ከዚያ በላይ የሚሰጥ ቁጥር ስለሌለ ነው። የእኔኛውን እንዴት እንዳገኘችው ስጠይቃት፣ በጨዋነት ጥቂት አሰበችና ሽማግሌዎቹ ትንሽ ቶሎ አልገቡም ወይ አለችኝ።

ሰይድ አሁን ሰማያዊ ባጃጅ ይነዳል። በመጀመሪያው ቀን ልጁን ከኋላ አስቀምጦ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አመጣት፣ ሰዎችም ቆመው ሰላምታ ሰጡት። እኔን ባየ ቁጥር ይቆማል፣ ይግቡ መምህር ይላል፣ ሒሳብ አይቀበለኝም። ሁሉም እንደተጻፈው ሆኗል፣ አንድ ነገር ሲቀር። ውሉ ተራዝሞ ነው፣ አሠሪዎቹ አልለቋትም ነው፣ ብቻ እናትየው እስካሁን አልመጣችም። ሰይድ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየኝ፣ ለመሆኑ እናቷ የምትመለሰው መቼ ነው ይላል ድርሰቱ ይለኛል። ሳይዘገይ ነው እላለሁ። በማግስቱም ያንኑ ይጠይቀኛል፣ ያንኑ እላለሁ። ስንት ነገር ተረጉሜያለሁ፣ እንደዚህ ጥያቄ ያደከመኝ ግን የለም።

ባለፈው ሲብስብኝ ሐያትን ለብቻዋ ጠርቼ፣ እባክሽ ለአባትሽ ምን ልበለው፣ ትንሽ ብቻ እርጂኝ አልኳት።

"ያንን ክፍል የጻፉት እርስዎ ነዎት ቲቸር" አለችኝ። "እርስዎ ይጨርሱት።"